በአመድ የተሰመረው የገና ሜዳ

አባቴን የሚያውቁት ሰዎች ስለ እሱ ሲያወሩ ሁልጊዜ ከአንድ ቀን ነው የሚጀምሩት። የ1978 ዓ.ም. ገና፣ ብልባላ ሜዳ። እዚያው ይጀምራሉ፣ እዚያው ይጨርሳሉ፤ መሐል ላይ "ጀግና" የምትል ቃል ጣል ያደርጋሉ። እኔ ልጁ ነኝ። ሰውዬው ሰማንያ ሊሞላው ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ኖሯል፤ ያን ሁሉ ዘመን ትተው በአንድ ከሰዓት በኋላ ሲጠቀልሉት ደስ አይለኝም። ጀግና ሲሉት ደግሞ ያናድደኛል፤ ለምን እንደሚያናድደኝ እናገራለሁ። ፊት ለፊት አንቱ እለው የነበረውን ሰው እዚህ አንተ ማለቴ ድፍረት ከሆነ ይሁንልኝ። ስቆጣውም ሳዝንለትም አንቱ አይመቸኝም።

አሥር አለቃ ቢሆነኝ ይባላል። አባቱ ከይምርሐነ ክርስቶስ በላይ ባለው ደጋ ገብስ የሚዘራ ገበሬ ነበር። አባቴ ገና ጢም ሳያበቅል ሸዋ ወርዶ ክብር ዘበኛ ተቀጠረ፤ ኮሪያም ዘመተ። ጎረቤት ተሰብስቦ "እስቲ የኮሪያን ጦርነት አውራን" ሲለው የሚያወራው ስለ መረብ ኳስ ነበር። ከግንባር ወደ ኋላ ለእረፍት ሲመለሱ ከሌላ አገር ወታደሮች ጋር ተጋጥመው እንዴት እንደተሸነፉና ዳኛው እንዴት እንዳዳላባቸው ይዘረዝራል። ሠላሳ ዓመት አልፎት እንኳ ዳኛው ላይ ደሙ ይፈላ ነበር። ትከሻው ውስጥ ስለቀረው የፈንጂ ፍንጣሪ ግን ብትጠይቁትም አይመልስላችሁም፤ ብርድ ሲሆን ያሻሸዋል፣ በቃ።

ከኮሪያ ከተመለሰ በኋላ የሆነውን ደግሞ በአንድ ዓረፍተ ነገር ነበር የሚያልፈው። የ1953ቱ ግርግር ሲነሳ "ተሰለፍ" አሉት፣ ተሰለፈ፤ "ተኩስ" አሉት፣ ተኮሰ። በማን ላይ እንደተኮሰ የነገሩት ካሰሩት በኋላ ነው። "ሳላውቅ አሰልፈውኝ" ይላል፣ ከዚያ ዝም። ሲለቁት አገሩ ገባ፣ እናቴን ብርቅዬን አገባ፣ መሬት ያዘ። ገብረ ሊባኖስን፣ አረጋንና እኔን ሙሉሃብትን ወለደ።

እንደ እሱ ያለ ጨዋታ የሚወድ ሰው በላስታ ምድር አልነበረም ብዬ ብምል ማንም አይታዘበኝም። ትምህርት ቤቱ ጓሮ ሁለት የባሕር ዛፍ ግንድ ተክሎ፣ ከገመድ መረብ ሠርቶ፣ አስተማሪውንም ቄሱንም ገበሬውንም መረብ ኳስ አጫውቷል። ኳስ በሬዲዮ የሚተላለፍ እንደሆነ ሬዲዮኗን አውድማ ድረስ ይዞ ይሄዳል፤ በሬዎቹ ሲቆሙ እንኳ ልብ አይለውም። እኛን ልጆቹን ያሽቀዳድመናል፤ ሴት ብሎ እኔን አልለየም። የጎረቤት ሴቶች "ቢሆነኝ ልጁን ሩጫ የሚያስተምራት ከባል ቤት እንድትሸሽ ነው" እያሉ ይስቁብኝ ነበር። እሱም ይስቃል፣ እንደገናም ያስሮጠኛል። ማታ እግሬን የሚያሸኝም እሱ ነበር። እንዲህ ያለ አባት ነበረኝ።

ከጨዋታ ሁሉ ግን ገናን የሚያህልበት የለም። ብልባላ ሜዳ የሚገጥሙት ላይ ሰፈርና ታች ሰፈር ናቸው። ሩሯ ከጠፍር ተጎንጉና የተሠራች ድብልብል ናት፤ ጫፉ በቆለመመ ዱላ ትለጋለች። ጎልማሳም ሽማግሌም ይጫወታል። የተሰደበ አይቆጣም፣ ሹም ቢሆንም ተሰድቦ ይስቃል። ደግሞም ገና ወሰን የለውም። ሩሯ በሄደችበት ይኬዳል፤ ገደል ብትወርድ ገደል ይወረዳል፣ ወንዝ ብትሻገር ይሻገሯታል። የላይ ሰፈር ሰው ሩሯን ታች ሰፈር እስኪያደርስ፣ ወይም ታች ሰፈር ላይ ሰፈር እስኪያደርሳት፣ ጨዋታው አያልቅም። ሩሯን መሐል ላይ ጥሎ ጨዋታውን የሚያስጀምረው በየዓመቱ አባቴ ነበር።

ደርግ መጣና ታላቅ ወንድሜን ገብረ ሊባኖስን ሚሊሺያ ብሎ ወሰደው። ሐረር በኩል ወደቀ አሉን፤ የት እንደተቀበረ እስከ ዛሬ አናውቅም። እናቴ ከዚያ ቀን በኋላ አረጋን ከዐይኗ አታርቀውም ነበር። አረጋ ለእሷ ልጅ ብቻ አልነበረም፣ የቀራት ሁሉ ነው። ከዚያ ብሔራዊ ውትድርና የሚባለው ታወጀ። ከዚያ ደግሞ ያ ክፉ ረኀብ መጣ፤ የ77ቱ ገና ሜዳው ላይ ሰው አልወጣም፣ ዱላ የሚያነሳ ክንድ አልነበረም። በ78 እግዜር ትንሽ ገብስ ሰጠን። ትንፋሽ ስንዘራ አፈሳው ተጀመረ። ከገበያ፣ ከማኅበር፣ ከለቅሶ ሳይቀር ልጅ ይታፈሳል። የሰፈራችን ጎረምሶች አረጋም ጭምር ከይምርሐነ ክርስቶስ ማዶ ያለው የጽድ ጫካ ገቡ። ወታደሩ ሊገባባቸው ፈራ፤ ግን በስተ ሰሜን ታጋዮቹ ወደያዙት ዋግ የሚያወርደውን ብቸኛ መውጫ ዘጋባቸው። እዚያው ውርጭ ላይ ከረሙ።

ብልባላ የተመደበው ካድሬ ተክለ ሚካኤል ይባላል። የደሴ ልጅ ነው፤ ገናን በወሬ እንጂ አይቶት አያውቅም። ካድሬ ስል ክፉ ፊት የሚታያችሁ ከሆነ ተሳስታችኋል፤ ሳቂታ ነበር፣ ኳስም ነፍሱ ነው። እኛ ቤት እየመጣ ከአባቴ ጋር ሬዲዮ ያዳምጣል፣ ይከራከራሉ፣ ይሳደባሉ፣ እናቴ ታስታርቃቸዋለች። አባቴ ይወደው ነበር። ይኼን ሳልናገር ብቀር ውሸታም እሆናለሁ።

በታኅሣሥ፣ ገና ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ አውድማ ላይ መጣ። እኔ ጥግ ይዤ ገብስ በሰፌድ አነፍሳለሁ። ገለባው ላይ ከአባቴ ጎን ተቀመጠና ዘንድሮ ገናን እንደ ድሮው እናክብር አለው። አባቴ ፊቱ በራ። ከዚያ ተክለ ሚካኤል ድምፁን ዝቅ አደረገ። ከአውራጃ የታዘዘው የምልምል ቁጥር አልሞላለትም፤ ካልሞላ በምልምሎቹ ቦታ የሚላከው እሱ ራሱ ነው። ጫካ ያሉት ልጆች አባቴ ከጠራቸው ለገና ይወርዳሉ፤ ሌላ ማንንም አያምኑም። ጨዋታው ሲያልቅ ወታደሩ ይሰበስባቸዋል። እንቢ ካለ ግን ከገና ማግስት ጦሩ ጫካውን ከአራት አቅጣጫ እየተኮሰ ይገባበታል፤ ትእዛዙ አልቋል።

"አብሽሩ አሥር አለቃ" አለው። "አረጋን ማንም አይነካውም። ቃሌ ነው። ዛሬውኑ ከጫካ ያስመጡት።"

አባቴ ገለባውን በጣቱ ይሰባብራል። በመጨረሻ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ "የዋግ መውረጃን የሚጠብቀው ወታደር ጭምር ነው ወደ ሜዳው የሚመጣው?"

ተክለ ሚካኤል ሁሉም እንደሚመጣ ነገረው። ሜዳውን ዙሪያውን ይከባሉ፣ ሌላ ቦታ የሚቀር ወታደር የለም። አባቴም "እሺ" አለ።  አባቴ የሰው ልጅ ጠርቶ ሊያስረክብ ነው ብዬ አሰብኩ። እውነቱን ለመናገር፣ ተናደድኩም፣ ስለ አረጋም ደስ አለኝ። ሁለቱም አንድ ላይ።

አመሻሹ ላይ ለእናቴ ሲነግራት የሰማችው አንዱን ብቻ ነበር፤ አረጋ እንደሚተርፍ። መሬቱን ሳመች። የሌሎቹ እናቶችስ ብሎ ሊጀምር ሲል አቋረጠችው። "እኔ አንድ ሰጥቻለሁ" አለችው። "ለሌላው የገዛ እናቱ ታልቅስለት።" አባቴ ያኔ ያሰበውን ቢነግራት ኖሮ በሩ ላይ ተኝታ ታግተው እንደነበር አልጠራጠርም።

በማግስቱ እኔን ጫካ ላከኝ። ሰው ሴት ልጅን እንጨት ለቀማ ስትሄድ አይጠረጥርም። የልጆቹ አለቃ የሆነውን ምስጋኑን አግኝቼ የአባቴን ቃል እንዳደርስ አዘዘኝ። ገና አለ፤ ሁሉም ይምጡ፣ አንድም ሰው ጫካ እንዳይቀር። ቀለል ያለ ልብስ ይልበሱ። በየወገባቸውም ጥሬ ቋጥረው ይምጡ። ለጨዋታ ስንቅ ምን ያደርጋል ስለው "የነገርኩሽን ብቻ ተናገሪ" አለኝ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። 

"አረጋስ?" አልኩት።

"አረጋም ይጫወታል" አለ። "ከሁሉ ፊት የሚሮጠው እሱ ነው።"

አባቴን እንዲያ ሲል አመንኩት። የጦር ሰው አሳብ ነው፤ የታሰበበት ነው። ወታደሩ ሜዳውን ሊከብ ሲመጣ የዋግ መውረጃ ባዶ ይቀራል። ልጆቹ ሜዳው ላይ ከሆኑ ጫካው ቢተኮስበትም የሚሞት የለም። ከሜዳው ወደ መውረጃው ደግሞ ቁልቁለት ነው። የሚቀረው ከከበባው መውጣት ብቻ ነበር።

የገና ዕለት ቅዳሴ ወጥተን ፆም እንደፈታን አባቴ ከምድጃችን አመድ በጆንያ ጠቅጥቆ ወደ ሜዳው ወጣ። አራት ማዕዘን አድርጎ፣ ገመድ ወጥሮ፣ እንደ ኳስ ሜዳ አሰመረው። አገሬው ቆሞ አየው። ለገና መስመር! መጀመሪያ ሳቁ፤ አሥር አለቃ አረጁ፣ ጃጁ ተባለ። ከዚያ ሳቁ ቀስ እያለ ቆመ። ገና ወሰን እንደሌለው የሚያውቅ ሁሉ መስመሩ ለማን እንደተሰመረ ተረድቷል። ተክለ ሚካኤል ብቻ ደስ አለው። "አሁን ሜዳ ሆነ" አለ፣ አባቴንም ትከሻውን ቸብ አደረገው።

ወታደሮቹ ከመስመሩ ውጭ ዙሪያውን ተቀመጡ፣ መሣሪያቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው። የሩቅ አገር ልጆች ነበሩ። ከሰፈራችን ታጣቂዎች ጋር ነው የተቀላቀሉት፤ በሰሜን በኩል የተቀመጠው የታጣቂዎቹ አለቃ ወልደ ኪዳን ነበር። ወልደ ኪዳን አመዱን አየ፣ አባቴን አየ፣ ወደ ቁልቁለቱም ዞሮ አየ። ከዚያ ፀሐይ ዐይናችንን ወጋችን አለና ሰዎቹን ይዞ ወደ ማዶ ተዛወረ። ሰሜኑ ሳሳ። ተክለ ሚካኤል ግን ከሹማምንቱ ጋር እየተሳሳቀ ነበር።

ልጆቹ ከጫካ ወረዱ። ከስተዋል፣ ፀጉራቸው አድጓል፤ እናቶቻቸው በሩቁ እያዩ እንኳ ደፍረው ስማቸውን አይጠሩም። ምስጋኑ ሜዳው ላይ ቆሞ ልማዱ እንደሚፈቅድለት ካድሬውን ከጫማው እስከ ቆቡ በግጥም ሰደበው። ወታደሮቹ በሳቅ ወደቁ። ተክለ ሚካኤልም ሳቀ። ከዚያ ሁሉ ሰው አባቴ ብቻ አልሳቀም፤ አረጋን ይፈልግ ነበር።

አረጋ ዱላውን ይዞ ሊገባ ሲል ተክለ ሚካኤል ክንዱን ያዘው። እንዲቀመጥ ሹማምንቱ ባሉበት አግዳሚ ወንበር ላይ ቦታ ለቀቀለት። እኔ ከኋላቸው ቆሜያለሁ። አባቴ መጣ። እየሳቀ ለመምሰል ሞከረ፣ ላይ ሰፈር ያለ አረጋ አንድ እጁ እንደተቆረጠ ነው አለ፣ ልጁን ይስጡን አለ። ተክለ ሚካኤል እንቢ አለ። ጨዋታው ሲያልቅ ወታደሩ ሜዳ ውስጥ ያገኘውን ሁሉ ነው የሚሰበስበው፤ አረጋን ከሌላው አይለየውም፤ ስለዚህ ከእሱ ጎን መቀመጥ አለበት። ይኼን በአባቴ ጆሮ ነው ያንሾካሾከው፣ እኔም ሰማሁ። አባቴ አንድ ጊዜ ብቻ ይለጋ ብሎ ለመነ። 

"ስለ ልጅዎ ብዬ ነው" አለው ተክለ ሚካኤል። ዐይኑ ውስጥ ተንኮል አልነበረም። ቃሉን እየጠበቀ ነበር። አባቴን ያጠመደው ክፋት ቢሆን ኖሮ ምናልባት መላ ያገኝለት ነበር፤ ደግነት ሆነበት።

አባቴ ወደ መሐል ተመለሰ። ሩሯን አስቀመጠ። እንደገና አነሳት። ቀበቶውን ፈታ፣ መልሶ አጠበቀ። ላይ ሰፈርም ታች ሰፈርም ጣላት፣ ጣላት እያለ ይጮኻል። ለእኔ ግን አንድ ልጁን ወደ ግራ፣ የሰው ልጆችን ወደ ቀኝ አድርጎ የቆመ ሰው ነበር የሚታየኝ። ሩሯን ልማዱ እንደሆነው መሐል ላይ ጥሏት ቢወጣ አረጋ ቤቱ ይገባል፣ የተቀሩት ይታፈሳሉ። ቀና ብሎ ወደ እኛ አየ። አረጋን አየው።

አረጋ መስመሩን ሲያይ ሁሉንም ተረድቶ ነበር። እጁን ወደ ኋላ ልኮ እጄን ያዘኝ፤ ጣቶቹ ቀዝቅዘዋል። ዐይኑን ከአባቴ ላይ አልነቀለም፣ ራሱንም አላነቃነቀም። ከንፈሩ ብዙም ሳይላወስ "አባዬ፣ አያድርጉት" አለ። የተናገረው ለራሱ ያህል ነው፤ ሜዳው መሐል ሊሰማ አይችልም። ከእኔ በቀር የሰማው የለም። እኔም በልቤ አያድርጉት አልኩ። ለምን እዋሻለሁ? ሜዳው ላይ ያሉት የሰው ልጆች ናቸው፣ አረጋ ወንድሜ ነው።

አባቴ ሩሯን ጣላት፤ አልወጣም። የራሱን ዱላ አንስቶ በሙሉ ትከሻው፣ በዚያ ፍንጣሪ ባለበት ትከሻው፣ ወደ ሰሜን ለጋት። ከአመዱ መስመር በላይ አልፋ ቁልቁለቱን ያዘች።

ሁለቱም ሰፈር ተከተላት። በአንድ ድምፅ እየጮሁ፣ ዱላቸውን ከፍ አድርገው፣ ባዶ ሆኖ በቀረው በኩል ፈሰሱ። ወታደሮቹ አልተነሱም። ኳስ ከመስመር ሲወጣ አንድ ሰው ሮጦ ያመጣዋል፣ ጨዋታው ይቀጥላል፤ እነሱ የሚያውቁት ይኼንን ነው። ተክለ ሚካኤል እንኳ እጁን ወደ ላይ አንስቶ "አውት" ብሎ አሳየ። ተቀምጠው ጠበቁ። ጩኸቱ ራቀ። አቧራው ረጋ። የሚመለስ ግን አልነበረም። ሜዳው ላይ አባቴ ብቻውን ቆሟል።

አንድ መኮንን ብድግ ብሎ ሲጮህ ተኩስ ተከፈተ፤ ልጆቹ ግን ቁልቁለቱን ጨርሰው ነበር። አንዱ እግሩን ተመታ፣ ምስጋኑ ተሸክሞት ዋግ ገባ። ይኼን በኋላ ነው የሰማነው። ያን ሰዓት የማየው የተክለ ሚካኤልን እጅ ብቻ ነበር። የአረጋን ክንድ ይዞ አልለቀቀም። ፊቱ አመድ መስሏል።

"አሥር አለቃ" አለው አባቴን፣ "እኔ ምን በደልኩዎት? አሁን ማንን ልስጣቸው?"

አባቴ እኔን ውሰዱ አለ። ሽማግሌ አይቆጠርም ተባለ። መኮንኑ ራሱ መጥቶ አረጋን ከአግዳሚው ላይ አነሳው። እናቴ ከሰው መሐል ወጥታ መሬት ለመሬት እየተሳበች ጫማውን ልትይዝ ስትል በሰደፍ ገፏት። አረጋ አላለቀሰም። ወደ አባቴም አልዞረም።

አባቴን ላሊበላ አስረው ገረፉት፤ ክረምቱ ሳይገባ ለቀቁት። ተክለ ሚካኤልንም ወደ ግንባር ሰደዱት አሉ፤ መጨረሻውን አላወቅንም። አባቴ ሲመለስ አገሬው መንገድ ወጥቶ ነበር የተቀበለው። ያመለጡት ልጆች እናቶች እጁን ሳሙ፣ የእናቴን ጉልበት ሳሙ። እናቴ ቆማ አሳመቻቸው፤ ከዚያ ቤት ገብታ ምግብ አቀረበችለትና ወደ ጓዳ ሄደች። እንዲህ ሆኖ ቀረ። ታበስልለታለች፣ ልብሱን ታጥባለች፣ አታናግረውም። እኔ በሁለቱ መሐል ቃል አመላላሽ ሆንኩ። ሬዲዮኗ ተዘጋች። የትምህርት ቤቱ መረብ ዝናብ በላው። ያመለጡት ልጆች እንኳ በሙሉ አልተረፉም፤ ብዙዎቹ ከታጋዮቹ ጋር ተቀላቅለው፣ ምናልባትም አረጋ ላይ፣ ይተኩሱ ነበር። ይኼን ሳስብ ሁሉም ነገር ለምን እንደተደረገ ይጠፋኛል። ሰው ግን ደጃችን እየመጣ ጀግናው እንደምን አደሩ ይላል። ያን ጊዜ የአረጋ ድምፅ ነው የሚሰማኝ።

በሁለተኛው ዓመት ይመስለኛል፣ አንድ ቀን እናቴ ስትፈትል አባቴ ፊቷ ተንበረከከ። ኩሩ ሰው ነበር፤ ሲንበረከክ አይቼው አላውቅም።

"ብርቅዬ፣ አየኝ እኮ" አላት። "ሩሯን ከመለጋቴ በፊት አየኝ። በዐይኑ ፈቀደልኝ። ፈቅዶልኝ ነው።"

እናቴ እንዝርቷን አስቀመጠችና ወደ እኔ ዞረች። አንቺ አጠገቡ ነበርሽ፣ እውነት ነው ወይ አለችኝ። አባቴም አየኝ። እንደዚያ ያለ ዐይን ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። ከጀርባው ስለቆምኩ ፊቱን አላየሁም አልኳት። ይኼ እውነት ነው፤ ፊቱን አላየሁም። እናቴ እንዝርቷን መልሳ አነሳች። ከዚያ "ልጄ ከፈቀደ እኔ ማን ነኝ" አለች፣ ለአባቴም ተነስ ወገብህን ያምሃል አለችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ተነጋገሩ። አባቴም ያንን ቃል እንደ ምርኩዝ ያዘው። ለቄሱ ይናገራል፣ ለእንግዳ ይናገራል፣ ብቻውን ሲያርስም ሲናገር ሰምቼዋለሁ፦ "ፈቅዶልኝ ነው።"

ደርግ በወደቀበት ክረምት፣ ሐምሌ ላይ፣ አረጋ መጣ። ከአስመራ ጀምሮ በእግሩ ነው የመጣው። አጥር በሩ ላይ ሲቆም ለማኝ መስሎኝ እንጀራ ላመጣ ዞሬ ነበር፤ የለየችው እናቴ ናት። እልልታውና ልቅሶው ጎረቤቱን ሁሉ ጠራው። ቤቱ ሞላ። ያመለጡት ልጆች እናቶች አንድ በአንድ እየወደቁ እግሩን ሳሙት፤ እሱ በእያንዳንዷ ይሳቀቃል፣ ያነሳታል። አባቴ ከምሰሶው ተደግፎ ቆሟል። አልቀረበውም። 

"ልጄ" አለ በመጨረሻ። "ያን ቀን አይተኸኛል። በዐይንህ ፈቅደህልኝ ነበር፤ አይደል?"

 እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። አረጋ ከአባቴ ላይ ዐይኑን አንስቶ እኔን አየኝ። ያን ቀን ያለውን የምናውቀው እኔና እሱ ብቻ ነን፤ ለማንም አለመናገሬን ከፊቴ ያነበበ መሰለኝ። እንደዚያን ዕለት አጠገቡ ብሆን እጁን እይዝ ነበር። መሐላችን ግን ሰው ነበር።

"አዎ አባዬ" አለ። "ባያደርጉት ነበር የማዝነው።"

አባቴ ምሰሶውን ለቀቀና እዚያው መሬት ላይ ተቀምጦ ጮኾ አለቀሰ። እናቴ ሄዳ አጠገቡ ተቀመጠች፣ ራሱንም ደረቷ ላይ አስጠጋችው። ሰዎቹ ተመስገን፣ ተመስገን እያሉ ነበር። አንዲቷ ይኼስ እንደ አባቱ ጀግና ነው አለች።

ጎረቤቱ ሲበተን ውኃ አሙቄ የአረጋን እግር ላጥብ ተቀመጥኩ። ከግራ እግሩ ሁለት ጣት የለም። ተረከዙ ተሰነጣጥቆ ጭቃው አልለቅ አለኝ። እያሸሁ ቀና ብዬ አየሁት፤ እሱ ደግሞ በበሩ በኩል አባቴን እያየ ነበር። አባቴ ደጅ ላይ ለወልደ ኪዳን እያወራለት ነው፤ ፈቅዶልኝ ነው፣ ይኸው በአፉም ነገረኝ እያለ።

"ሙሉዬ፣ ሌላ ምን ልበላቸው?" አለኝ አረጋ ቀስ ብሎ። ትንሽ ቆይቶም ውኃው እንደበረደ ነገረኝ። ከእሳቱ ላይ አንስቼ ጨመርኩለት።